አንድ ኪሎ ቅሬታ

በእኛ አገር የሚከራይ ቤት ሊገዛ የሚሄድ ሰው ግድግዳውን አይነካም፤ ጣሪያውንም ቀና ብሎ አያይም። መጀመሪያ የሚጠይቀው «ተከራዩ በዓመት ስንት ኪሎ ያማርራል?» ብሎ ነው። ይህን ለእንግዳ ሰው ባወራሁ ቁጥር ይሳቅብኛል። እኔ አልስቅም፤ እዚያው ተወልጄ አድጌበታለሁ። ገብቶኝ ነው ግን አልልም። የምተርክላችሁ የገባኝን ሳይሆን የደረሰብኝን ነው፤ የገባኝን ብቻ ልናገር ብል ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃሁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው ይሉናል። ድሮ አንድ አከራይ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አቤት ያላለ ተከራይ ነበረው። በሰባተኛው ዓመት ሰውየው ጓዙን ጭኖ ደህና ሁን እንኳ ሳይል ሄደ። የአገሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሦስት ቀን መከሩና አንድ ነገር ላይ ደረሱ። ሊቆይ ያሰበ ሰው ያማርራል፤ ሊለቅ ያሰበ ሰው ግን ምን አስጨንቆት፣ ዝም ይላል። እንግዲያው የማይማረርበት ቤት ነገ ባዶውን የሚቀር ቤት ነው፤ ምሬት የበዛበት ቤት ደግሞ ተከራዩ ሥር የሰደደበት ነው። ከዚያ ወዲህ የኪራይ ቤት ዋጋ በቅሬታ ሆነ።

ቅሬታውም ሜዳ ላይ የሚቀር ወሬ አይደለም። እያንዳንዱ ቅሬታ የከተማው ማኅተም ባረፈበት በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ወረቀቱ ሁሉ እኩል ነው፤ ሁለት መቶው አንድ ኪሎ ይመጣል። በዓመት አንድ ጊዜ የቅሬታ መዛኝ የሚባለው ሹም ሚዛኑን በአህያ አስጭኖ፣ ጸሐፊውን አስከትሎ ቤት ለቤት ይዞራል። ቅሬታው ኪሎ የሞላለት አከራይ ድግስ ይደግሳል፤ የጎደለበት ለቅሶ ይቀመጣል።

እኔ ኮርቻ ሰፊ ነኝ። የምንኖርበት ቤት የባለቤቴ የትርንጎ ነው። አባቷ ድንጋዩን ራሱ ጠርቦ፣ ማገሩን ራሱ አስሮ የሠራው፣ እሷም የተወለደችበት፣ እናቷም ያረፈችበት ቤት ነው። እኔ በጋብቻ የገባሁ እንግዳ ብሆንም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በልቼ ጠጥቼበታለሁ። ከዚህ ቤት በቀር በዚህች ምድር ላይ የእኛ ነው የምንለው ነገር አልነበረንም፤ ትርንጎም ሌላ ፈልጋ አታውቅም።

እኔ ግን ፈለግሁ። ያስፈለገኝ ጎረቤታችን ቸኮል ነው። ሦስት የኪራይ ቤት ገዝቶ ከሰዓት ከሰዓት ከተከራዮቹ ግድግዳ ሥር በርጩማ ላይ እየተቀመጠ ያዳምጣል። እኔንም ጠርቶ «ስማት! ስማት እንጂ! እቺ ሴትዮ ብቻዋን ግማሽ ኪሎ ናት» ይለኛል። ውስጥ ያለችው ሴት ምስጥ ምሰሶውን በላው እያለች ትጮሃለች። ቸኮል ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ይላል። እውነቴን ነው፣ ቀናሁ።

«ትርንጎ፣ ሰው ሁሉ የኪራይ ቤት እየገዛ ነው» አልኳት።

«ሰው ሁሉ ከገዛ የሚከራየው ማን ነው?» አለችኝ።

በማግሥቱ ጥያቄዋን ይዤ ቸኮል ዘንድ ሄድኩ። «እሱን ካሰብክማ አትገዛም» አለኝ። መልሱ አጥጋቢ ሆኖ አገኘሁትና አመስግኜ ወደ ብድር ቤት አቀናሁ።

የብድር ሹሙ ጨዋ ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ፤ ስለ ኮርቻም ጠየቀኝ። ለምገዛው ቤት ከአራት እጅ ሦስቱን እንደሚያበድረኝ፣ በመያዣነት ግን የምንኖርበትን ቤት እንደሚይዝ ነገረኝ። ዓመት ሲሞላ የኪራይ ቤቱ አንድ ኪሎ ቅሬታ ካወጣ መያዣው ይለቀቃል። ካላወጣ የኪራይ ቤቱ «ሊለቀቅ ያለ ቤት» ተብሎ ዋጋ ያጣል፤ የትርንጎ ቤት ደግሞ የብድር ቤቱ ይሆናል።

«ጌታዬ» አልኩት፣ «የሚገዛውን ቤት ለምን አይዙትም? ዋጋ ያለው እሱ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ገቢ ነው» አለኝ በትዕግሥት። «ገቢ ማለት ይመጣል ተብሎ የሚጠበቅ ነገር ነው። የሚጠበቅ ነገር አይጨበጥም። የምትኖርበት ቤት ግን ምንም አያስገባም፤ ስለዚህ በርግጥ ያለ ነገር ነው። ገባህ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ሰው በጨዋነት ሲያስረዳኝ አልገባኝም ማለት ያሳፍረኛል፤ ልማዴ ነው። ወረቀቱን ይዤ ቤት ስገባ ትርንጎ «ገብቶሃል?» አለችኝ። «ገብቶኛል» አልኳት። ፈረመች።

የገዛሁት ቤት ከድልድዩ ማዶ ያለ ባለ አንድ ክፍል ነው። ርካሽ ነበር፤ ምክንያቱም ተከራይዋ ወይዘሮ ደብሪቱ የተባሉ ጥጥ ፈታይ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቅሬታ አስጽፈው አያውቁም። ይህን ሳውቅ ልተወው አስቤ ነበር። ሻጩ ግን ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«አንተ ሰው፣ አሥራ አንድ ዓመት የተጠራቀመ ቅሬታ በዚህ ዋጋ የት ታገኛለህ? ሆዳቸው ውስጥ ነው ያለው። ዛሬ ነገ ነው የሚፈነዳው፤ የሚፈነዳውም ባንተ ጊዜ ነው። እኔማ ልጅ ልድር ሆኖብኝ እንጂ አልሸጠውም ነበር።»

አዘንኩለት። ቸኮልም ሲሰማ ምራቁን ዋጠ። ያን ዕለት ቤቴ ስመለስ ራሴን ብልህ አድርጌ ነው የገባሁት።

በሳምንቱ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ወይዘሮ ደብሪቱ ከእንዝርታቸው ብድግ ብለው ተቀበሉኝ፤ ስልሳውን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው።

«እማማ፣ ቤቱ እንዴት ነው?»

«ተመስገን ነው ልጄ። ምን ጎድሎኝ?»

«ምንም?»

«ኧረ ምንም።»

መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ ሰጡኝ።

ሰው ካልገፉት አይናገርም ብዬ ሥራ ጀመርኩ። እሳቸው ገበያ በሄዱበት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሁለት ቆርቆሮ ነቀልኩ። ዝናቡም ደግ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ጣለ። ስሄድ ከቀዳዳው ሥር እንስራ ደቅነው አገኘኋቸው። «ወንዝ መውረዱ ቀረልኝ፤ ወገቤ እኮ አልችል ብሎ ነበር። ዘርህ ይባረክ» አሉኝ። የመስኮቱን መዝጊያ ገንጥዬ ወሰድኩ፤ ክሩ በደንብ ታየኝ አሉ። መጨረሻ ላይ ከቸኮል አንዲት ጮሃ የማትጠግብ አህያ ተውሼ መስኮታቸው ሥር አሰርኳት። አህያዋ የቸኮልን ሁለት ተከራዮች ኪሎ ያስሞላች፣ የተመሰከረላት ናት። ሦስት ቀን ቆይቼ ስመለስ ወይዘሮ ደብሪቱ በመስኮቱ እጃቸውን ሰደው አንገቷን ያኩላታል። አህያዋ ዝም ብላለች። በዕድሜዋ ያከካት ሰው አልነበረም መሰለኝ።

ግራ ገባኝ። ቤቱን ባበላሸሁት ቁጥር ሴትዮዋ ይደሰታሉ፤ ሴትዮዋ በተደሰቱ ቁጥር የትርንጎ ቤት ከእጃችን ይሸሻል። እሷ ደግሞ ማታ እራት ላይ «ያ ቤት እንዴት ነው?» ስትለኝ «እየተበላሸ ነው» እላታለሁ፤ «ጎሽ» ትለኛለች። በአገራችን ወግ ሁለታችንም ልክ ነበርን።

መመዘኛው ሦስት ቀን ሲቀረው ሄጄ እውነቱን አፈረጥኩላቸው። ካላማረሩ ባለቤቴ የተወለደችበትን ቤት እንደምታጣ፣ ቆርቆሮውን የነቀልኩትም እኔው እንደሆንኩ ነገርኳቸው። እያወራሁ እንባዬ መጣ። ወይዘሮ ደብሪቱ እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

«አውቄያለሁ ልጄ። ጣሪያው ላይ ስትወጣ አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«እኔ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም። እኛ ጋ የሚባረረው ያማረረ ነው። ሰባት ቤት ለቅቄያለሁ፤ ሰባቱንም በአፌ። በር አይዘጋም አልኩ፣ ውጪ ተባልኩ። ጣሪያው ያፈሳል አልኩ፣ ውጪ ተባልኩ። ሰባተኛው ላይ ልጄን አዝዬ ነበር፤ ብርድ መታብኝ፣ ሞተብኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን አፌን ዘጋሁት።»

«እማማ፣ እዚህ አገር እኮ ሌላ ነው።»

«አገሩማ ሌላ ነው። አፌ ግን የዚያው አገር ነው» አሉኝ። ቢሆንም አሳዘንኳቸው፤ እሞክራለሁ ብለው ቃል ገቡልኝ።

መዛኙ መጣ። ሚዛኑ ተተከለ፤ ጸሐፊው ወረቀቱን ደርድሮ ተቀመጠ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜያለሁ።

«እሺ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ቅሬታዎን ያሰሙ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ተነሡ። ጣሪያውን አዩ፤ ቀዳዳው ሰማይ ያሳያል። መስኮቱን አዩ። «ጣሪያው...» አሉና ቆሙ። «ጣሪያው ምን ሆነ?» አለ መዛኙ። ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አፋቸው ላይ ያዙት። ከዚያ «አህያዋ ትንሽ ከስታለች» አሉ።

መዛኙ ሕግ ገልጦ አነበበና አህያዋ የቸኮል ስለሆነች ቅሬታው ለቸኮል እንዲመዘገብ አዘዘ። የእኔ ሚዛን ባዶውን ቆመ።

«ጌታዬ» ብዬ ተማጸንኩ፣ «አሥራ አንድ ዓመት ኖረውበታል እኮ! የትም አልሄዱም!»

«እንግዲያው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሊለቁ ነበር ማለት ነው» አለኝና ሚዛኑን አስጫነ።

ለትርንጎ የነገርኳት ሽንኩርት ስትከትፍ ነው። ቢላዋዋን አላስቀመጠችም። «ቤቱ ሄደ?» አለች። «ሄደ» አልኩ። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ ያን ሁሉ ሽንኩርት ከትፋ ጨረሰችው፤ የምናበስለውም አልነበረም። እንዲህ ያለ እፍረት አፍሬ አላውቅም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የኪራይ ቤቱ ነገር ደግሞ ሌላ ግራ ነው። በብድር ተገዝቶ ኪሎ ያልሞላ ቤት ዋጋ የለውም ስለሚባል ከከተማው መዝገብ ተሰረዘ፤ የተሰረዘ ቤት አይሸጥም፣ አይከራይም፣ አይወረስም። ወይዘሮ ደብሪቱ በሌለ ቤት ውስጥ ያለ ኪራይ ይኖራሉ። ቆርቆሮውን መልሼ መታሁላቸው፤ የከለከለኝ የለም።

የብድር ሹሙ በሳምንቱ ራሱ ቤታችን መጣ። አሁንም ጨዋ ነው። የትርንጎን ቤት ለኪራይ ቤት ገዢዎች ሊሸጠው እንዳሰበ፣ ለዚህም ተከራይ እንደሚያስፈልገው፣ እኛን እንደሚያስቀድም አበሰረን።

«ኪራይ እየከፈላችሁ እዚሁ ትኖራላችሁ» አለ። «የሚፈለግባችሁ አንድ ኪሎ ብቻ ነው። ካልሞላችሁ ግን በምሬታቸው የታወቁ ቤተሰብ ከቆላ አምጥቼ ማስገባቴ ነው፤ ሕፃናቱ እንኳ ሩብ ሩብ ኪሎ ይወጣቸዋል።»

ደስ ልበል ወይስ ልዘን አላወቅሁም። ትርንጎ በአባቷ ቤት ለመኖር የአባቷን ቤት መስደብ አለባት። እኔ ልስደብላት ብል አይሆንም አሉ፤ ቅሬታ የሚቀበሉት ቤቱን ከሥሩ ከሚያውቅ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ በጋብቻ የገባሁ እንግዳ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ አጠናኋት። «በሩ ይጮሃል በይ» እላታለሁ። «አይጮህም» ትላለች። «ግድግዳው ይቀዘቅዛል በይ።» «አባቴ የሠራው ግድግዳ?» ብላ ትነሣለች።

ለሽያጭ የቀረበ ቤት ዓመቱን ሳይጠብቅ ይመዘናልና ቀኑ ደረሰ። መዛኙ ሚዛኑን እልፍኛችን ውስጥ ተከለ። ሹሙም አንድ ገዢ ይዞ መጥቶ ከጥግ ተቀመጠ።

«ጣሪያው?» አለ መዛኙ።

«ደህና ነው» አለች ትርንጎ።

«በሩ?»

«ደህና ነው።»

«ጭሱ፣ ምስጡ፣ እርጥበቱ?»

«አባቴ እንዲህ ያለ ነገር አልሠራም።»

ሹሙ ሰዓቱን አየ። ገዢው ባርኔጣውን አነሣ። ትርንጎ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ እንደ ከብት ጀርባ ቀስ አድርጋ ነው የዳሰሰችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። ከዚያ ዞር ስትል ጥላዋ እግሬ ላይ አረፈ።

«ጉድለት ከፈለጋችሁ» አለች፣ «የዚህ ቤት ጉድለት ያውና ቆሟል።» ጣቷ ወደ እኔ ነበር።

መዛኙ ለጸሐፊው ምልክት ሰጠው።

«የቆዳ ቁራጭ አልጋ ላይ ይተዋል። ጻፍ። የሰው ኮርቻ ይሰፋል፤ የእኔ ወንበር ቆዳው ከተቀደደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጻፍ። ሲበላ ያወራል፤ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ወንድሜ የሞተ ጊዜ አብሮኝ ማልቀስ ሲገባው የድንኳኑን ካስማ ሲቆጥር ዋለ...»

እንዲህ ተጀመረ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ጸሐፊው እጁ ዝሎ መዛኙ ተካው። ሰባት ሰዓት ላይ ወረቀት አለቀና ከከተማው ተጨማሪ ተላከ። የረሳሁት ሁሉ ተነሣ፤ አደረግሁት ብዬ የማላስበውም ተነሣ፤ ሲነሣ ግን አወቅሁት። ገዢው ባርኔጣውን መልሶ አስቀምጦ ወንበሩን ወደፊት ሳብ አድርጓል። መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«የአባቴን ቤት መያዣ ሲያስይዝ ገብቶሃል ወይ አልኩት። ገብቶኛል አለኝ። አልገባውም ነበር። እኔም እንዳልገባው አውቅ ነበር፤ ግን እምቢ ብል ሰው ፊት ያፍራል ብዬ ፈረምኩ። ይህንንም በእሱ ላይ ጻፈው።»

ተመዘነ። ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ። ሹሙ ብድግ ብሎ ጨበጠን። በከተማው ታሪክ ከባለ አንድ እልፍኝ ቤት እንዲህ ያለ ክብደት ወጥቶ አያውቅም። ገዢው እዚያው ፈረመ፤ እኛም በኪራይ ቀረን። ትርንጎ የተወለደችበትን ቤት አልለቀቀችም።

መዛኙ ሚዛኑን ሲያስጭን ለብቻዬ ጠራኝ። «እንግዲህ ዕወቅ። ወረቀቱ ሁሉ የሚጠቁመው አንድ ጉድለት ነው፤ አንተን። የተመዘገበ ጉድለት ከቤቱ አይነሣም፣ አይጠገንም። ቢጠገን የቤቱ ዋጋ ይወድቃል፣ ተከራይም ይባረራል።»

«አልጠገንም ማለት ነው?»

«በሕግ ክልክል ነው። ገባህ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። እሱም ደስ ብሎት «ልክ እንደዚህ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሦስት ጊዜ ተሸጧል። አዲስ ገዢ በመጣ ቁጥር በቦታዬ መኖሬን አይቶ፣ ዙሪያዬን ዞሮ ነው የሚሄደው። የመጨረሻው እንዲያውም እንዳልሻሻል አደራ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

አንድ ቀን ትርንጎ ደጁን ስትጠርግ ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኋት።

«ያን ቀን ያልሽው ሁሉ ከልብሽ ነው ወይስ ለቤቱ ብለሽ ነው?»

መጥረጊያዋን ይዛ ቀና አለች። እንደ ጥንቱ ነው ያየችኝ፣ ወይም መሰለኝ።

«ብነግርህ ትሻሻላለህ» አለች። «ከተሻሻልክ ደግሞ ከአባቴ ቤት እወጣለሁ። ተወው።»

መጥረጓን ቀጠለች። እኔም ወደ ውስጥ ገባሁና ያን የተቀደደ ወንበሯን አየሁት። መርፌውም ጅማቱም እጄ ላይ ነበር፤ አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። መርፌውን መልሼ አስቀመጥኩት። መስፋት ግን ፈልጌ ነበር።